«ዛሬ ምን ጻፈ?»

ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ላይ የግቢያችን በር ሲከፈት አብዛኞቹ ወላጆች መጀመሪያ የሚያደርጉት አንድ ነገር ነው። ልጃቸውን አቅፈው ከሳሙ በኋላ ቦርሳውን ከጀርባው ያወርዱና ደብተሩን ያወጣሉ። ገጹ ባዶ ከሆነ ቀና ብለው በዓይናቸው እኔን ይፈልጉኛል። «ሚስ፣ ዛሬ ምን ጻፈ?»

የማስተምረው አዲስ አበባ ውስጥ፣ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ባለ አፀደ ሕፃናት ነው። ልጆቻችን ከ3 እስከ 6 ዓመት ናቸው። ጠዋት በአጭር ጸሎትና በመዝሙር እንጀምራለን፤ ከዚያ በኋላ የቀኑ ትልቁ ክፍል ጨዋታ ነው። ጭቃ ያቦካሉ፣ አናጺ ቤት በጣለው የእንጨት ቁርጥራጭ ቤት ይሠራሉ፣ ሱቅ ይከፍታሉ፣ ሰርግ ይደግሳሉ። ደብተሩ ባዶ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። በር ላይ ቆሜ በሁለት ደቂቃ ልጨርሰው ያልቻልኩትን መልስ እዚህ ልጻፈው።

ጥያቄው አያስከፋኝም። ወላጅ ለልጁ ከጉሮሮው ነጥቆ ከፍሎ «ምን ተማረልኝ?» ማለቱ ተገቢ ነው። እኔ ራሴ የፊደል ገበታ ልጅ ነኝ። ሰሜን ሸዋ፣ ከደብሩ ጥድ ሥር የኔታ ፊት ተደርድረን፣ በስንደዶ እየጠቆምን ስንጮኽ እንውል ነበር። ሠላሳ ሦስቱን ፊደላት ከነሰባት ቤታቸው፣ 231ዱንም፣ ያወቅናቸው በዜማ ነው፤ እየተወዛወዝን፣ እየተቀባበልን፣ የደከመውን ጓደኛችንን በድምፃችን እየጎተትን። ብዙ ሰው ከየኔታ ትምህርት የሚያስታውሰው አርጩሜውን ነው። እኔ ዜማውንም አስታውሳለሁ። ከዚያ የበለጠ የማስታውሰው ግን የኔታ ዘንድ ከመድረሳችን በፊት ያለፈውን ጊዜ ነው። ስንት ዓመት ጭቃ አቡክተን እቃቃ ተጫውተናል፣ ዛፍ ወጥተናል፣ ከወንዝ ዳር ጠጠር መርጠን ቅልልቦሽ ይዘናል፤ ማታ ማታ «እንቆቅልሽ» «ምን አውቅልሽ» ስንባባል አምሽተናል። ስንደዶው እጃችን ላይ ሲደርስ እጃችን የበረታ፣ ጆሯችንም የነቃ ነበር።

የዛሬ የከተማ ልጅ የሚያድገው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። የሚያቦካው ጭቃ የለውም፤ ደረጃ ወርዶ የሚጠራው የጎረቤት ልጅም ብዙ ጊዜ የለውም፤ መኪናው ስለሚያስፈራ በሩ ይዘጋበታል። እኛ ግን በ3 ዓመቱ እርሳስ እናስይዘዋለን። ድሮ ሰፈሩና ሜዳው በነፃ ይሰጡት የነበረውን ነገር ዛሬ ካልሰጠነው ከየት ያገኘዋል? አፀደ ሕፃናት፣ በተለይ ልጆችን የእግዚአብሔር አደራ ናቸው ብሎ የተቀበለ አፀደ ሕፃናት፣ ያንን የጎደለውን ነገር መስጠት አለበት ብዬ አምናለሁ።

ይህን እምነቴን ያገኘሁት ከመጽሐፍ አይደለም። ማስተማር የጀመርኩት በአንድ የግል መዋዕለ ሕፃናት ነው፤ ስሙን አላነሳም። በየወሩ ፈተና ነበር፤ የ4 ዓመት ልጅ አንደኛ ሁለተኛ ተብሎ ደረጃ ይወጣለት ነበር። አንድ ልጅ «መ»ን መስመር ላይ ማስቀመጥ አቃተው። ሁለቱ ክቦች አልገጥም ይሉታል፣ አንዱ ወደ ላይ ይሸሻል፣ አንዱ ከመስመር ይወርዳል። ገጹን ሳይጨርስ ለእረፍት እንዳይወጣ ታዘዝኩና ሦስት ቀን አስቀረሁት። በሦስተኛው ቀን፣ ጓደኞቹ ከመስኮቱ ውጭ ሲጮኹ እየሰማ፣ ወንበሩ ላይ ሸና። አላለቀሰም። ሁለት እጆቹን ወረቀቱ ላይ ጭኖ ዝም ብሎ ተቀመጠ። አጠገቡ የቆምኩት መምህር እኔ ነበርኩ። እግዚአብሔር ይቅር እንዲለኝ ለምኛለሁ፤ የዚያ ልጅ ፊት ግን እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም።

ከዓመታት በኋላ ስለ ልጅ እጅ ሳነብ ያ ቀን ገባኝ። የእጃችን አንጓ ስምንት ትናንሽ አጥንቶች አሉት። ሕፃን ሲወለድ እነዚህ ስምንቱ ገና አጥንት አልሆኑም፤ እንደ ጆሯችን ጠርዝ የሚለመጡ ናቸው። ከዚያ በየተራ ይጠነክራሉ። ከልጅ ልጅ ቢለያይም በ4 ዓመት ላይ የጠነከሩት ግማሽ ያህሉ ናቸው፤ የመጨረሻው የሚጀምረው ከ8 ዓመት በኋላ ነው። ያ ልጅ አልሰነፈም፤ እጁ አልደረሰም ነበር። እንዲደርስ የሚረዳው ደግሞ ገጽ ሙሉ «መ» አይደለም፤ ጭቃ ማቡካት፣ እርጥብ ጨርቅ መጭመቅ፣ ቆርኪ አንድ በአንድ መልቀም፣ ገመድ ላይ መንጠልጠል ነው።

አሁን ወዳለሁበት ግቢ ስመጣ ርዕሰ መምህርቷ መጀመሪያ የወሰዱኝ ወደ ቧንቧው ነው። ሥሩ ጉድጓድ ነበር፤ ስድስት ልጆች እስከ ክንዳቸው ጭቃ ውስጥ ገብተዋል። «እዚህ ልጆች ይቆሽሻሉ፤ እኛ እናጥባለን» አሉኝ። የሥራ መመሪያዬ ይህ ነበር።

«አፀደ ሕፃናት» የሚለው ስም ራሱ ነገሩን ይናገራል። አፀድ ማለት የአትክልት ቦታ ነው፤ አፀደ ሕፃናት የልጆች አትክልት ቦታ ማለት ነው። ጀርመኖች «ኪንደርጋርተን» የሚሉትም ይህንኑ ነው፤ ስሙን ያወጣው ፍሪድሪክ ፍሮብል ነው። ፍሮብል በ1782 እ.ኤ.አ. በቱሪንጊያ ተወለደ፤ አባቱ የሉተራን ቄስ ነበሩ። እናቱ የሞተችው የ9 ወር ሕፃን ሳለ ነው። በ1837 ባድ ብላንክንቡርግ በምትባል ትንሽ ከተማ ለትናንሽ ልጆች የሚሆን የጨዋታ ቤት ከፈተ፤ ከሦስት ዓመት በኋላ «የልጆች አትክልት ቦታ» ብሎ ሰየመው። ለልጆቹ የሚሰጣቸውን መጫወቻ «ስጦታ» ይለው ነበር። የመጀመሪያው ስጦታ በክር የተንጠለጠሉ፣ ቀለማቸው የተለያየ ስድስት የሱፍ ኳሶች ናቸው። ሁለተኛው ከእንጨት የተሠራ ድቡልቡል፣ ባለ ስድስት ገጽ ኩብና ጣሳ መሳይ ሲሊንደር ነው። ልጅ እነዚህን እያንከባለለና እየደረደረ ፈጣሪ በዓለም ላይ ያኖረውን ሥርዓት በእጁ ይዳስሳል ብሎ ያምን ነበር። እንዲህ ያለውን አማኝ ሰው የፕሩሲያ መንግሥት በ1851 እግዚአብሔርን የሚያስክድ ትምህርት ያስተምራል ብሎ ትምህርት ቤቶቹን ዘጋበት። ፍሮብል በዓመቱ ሞተ። እገዳው የተነሳው በ1860 ነው።

ከእሱም በፊት ዮሐን ፍሪድሪክ ኦበርሊን የተባለ ፓስተር ነበር። በፈረንሳይ አልዛስ ተራሮች መካከል ባለችው ዋልደርስባክ በምትባል ድሃ መንደር፣ ወላጆቻቸው እርሻ ሲወርዱ የሚቀሩትን ትናንሽ ልጆች ሴቶች ሰብስበው ሹራብ መሥራት፣ መዝሙርና የአበባ ስም እንዲያስተምሩ አደረገ። በቤቱ ታገለግል የነበረችው ሉዊዝ ሼፕለር ዕድሜዋን የሰጠችው ለዚህ ሥራ ነው። ይህን የምተርከው «ጨዋታ ትናንት የመጣ ዘመናዊነት ነው፤ ከቤተ ክርስቲያን ጋር ምን አገናኘው?» ለሚሉኝ ነው። የተወለደው እኮ በቄስና በፓስተር ቤት ነው። ከዚያም ወደ ኋላ ከሄድን ነቢዩ ዘካርያስ በምዕራፍ 8 ላይ የታደሰችውን ኢየሩሳሌምን ሲያሳየን ከመንገዶቿ ላይ የማይጠፉት የሚጫወቱ ወንዶችና ሴቶች ልጆች ናቸው። ጌታችንም በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 11 ላይ ገበያ ውስጥ ተቀምጠው አንዴ ሰርግ አንዴ ለቅሶ የሚጫወቱ ልጆችን ያነሳል። ይህን ክፍል ሳነብ ሁልጊዜ ልቤ ይሞቃል። ቆም ብሎ አይቷቸዋል ማለት ነው፤ ጨዋታቸውንም ያውቀዋል።

በእኛ ክፍልም ሰርግ አለ። ባለፈው ወር አንድ ማክሰኞ «የቤት ጥግ» በምንለው ቦታ የሆነውን እንዳየሁት ልንገራችሁ። ሦስት ወንዶች ልጆች የትልቅ ሰው ነጠላ ተከናንበው ሽማግሌ ሆነው መጡ። የልጅቷን አባት ሆና የተቀመጠችው አንዲት የ5 ዓመት ልጅ ናት። «እንደምን አደሩ» አሏት። «እግዚአብሔር ይመስገን፤ መጀመሪያ ቁጭ በሉ» አለች፣ ድምፅዋን አጎርንና። ወንበር ሁለት ብቻ ስለነበረ አንደኛው ሽማግሌ ጀሪካን ገልብጦ ተቀመጠ። ጉዳዩ ተነገረ፣ ልጅቷ ተፈቀደች፣ ድግሱ ተጀመረ። እንግዶቹ ሰባት ናቸው፤ ከካርቶን የተቆረጠው እንጀራ ግን ስድስት ነው። ጭቅጭቅ ተነሳ። ገብቼ ልፈታው እችል ነበር፤ እግሬን ያዝኩት። አንዷ ልጅ የራሷን እንጀራ አነሳች፣ አጠፈች፣ በማጠፊያው ቀደደችና ግማሹን ሰጠች። የተሰጠው ልጅ ሁለቱን ቁራጭ አደራርቦ ለካቸው። «እኩል ነው» አለ።

በዚያች ሩብ ሰዓት ውስጥ ልጆቹ አንቱታን ለምደዋል፣ ለንግግር ተራ መጠበቅ ተምረዋል፣ ከሰባት ላይ ስድስት ሲነሳ አንድ እንደሚቀር አውቀዋል፣ አንድን ነገር ለሁለት እኩል መክፈልን በእጃቸው አይተዋል፣ ከራስ ላይ ቆርሶ ማካፈልንም እንዲሁ። ደብተር ላይ አንድም መስመር አልተጻፈም።

የመምህርነቱ ሥራ እዚህ ላይ ነው፤ ብዙ ሰው ልጆች ሲጫወቱ መምህር ቡና ይጠጣል ብሎ ያስባል። እኔ የሚደክመኝ በጨዋታው ሰዓት ነው። ማን ከማን ጋር እንደተጫወተ፣ ማን ብቻውን እንደቀረ፣ የትኛው ልጅ መቀስ እንዳቃተው በትንሽ ወረቀት እይዛለሁ። ወንበር አሰልፈው ታክሲ ሲጫወቱ ረዳቱ «ወራጅ አለ!» ከማለት ሌላ ሥራ ካጣ፣ ከካርቶን የተቆረጠ የብር ኖትና ሳንቲም አቀብለዋለሁ፤ ያኔ ሒሳብ መቀበልና መልስ መስጠት ይመጣል። ጥያቄ እጥላለሁ፤ መልሱን ግን አልነጥቃቸውም። በክፍላችን 42 ልጆች አሉ፤ እኔና አንድ ሞግዚት ነን። ስለዚህ በሁለት እንከፍላቸዋለን፤ ግማሾቹ ግቢ ሲሆኑ ግማሾቹ ክፍል ውስጥ ይሆናሉ። ቀላል አይደለም፤ ግን ይቻላል።

የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርታችንም እንዲሁ በእጅ የሚያዝ ነው። በ1954 እ.ኤ.አ. ሮም ውስጥ የብሉይ ኪዳን ሊቅ የነበረችው ሶፊያ ካቫሌቲና የማሪያ ሞንቴሶሪን ዘዴ የምታውቀው መምህርት ጃና ጎቢ ልጆችን በዚህ መንገድ ማስተማር ጀመሩ። ሞንቴሶሪ ራሷ ካቶሊካዊት ሐኪም ነበረች፤ የመጀመሪያውን «የልጆች ቤት» የከፈተችው በ1907 እ.ኤ.አ. ሳን ሎሬንዞ በሚባለው የሮም የድሆች ሰፈር ነው። ካቫሌቲና ጎቢ ለልጆቹ ከእንጨት የተሠሩ በጎች፣ በረትና እረኛ ሰጧቸው፤ ስለ መልካሙ እረኛ የሰሙትን ልጆቹ ዝም ብለው በእጃቸው ያንቀሳቅሱታል።

እኛ የእንጨት በግ መግዣ የለንም። በጎቻችን ቆርኪዎች ናቸው፤ ጥጥ ለጥፈንባቸዋል። በረቱ የጫማ ካርቶን ነው። ስለ ጠፋችው በግ ስንማር አሥሩን እንቆጥራለን፤ ልጆቹ ዓይናቸውን ሲጨፍኑ አንዷን እደብቃለሁ፤ ዘጠኙን ቆጥረው የጠፋችውን ይፈልጋሉ። አንድ ቀን ልጆቹ ከሄዱ በኋላ ብቆጥር ዘጠኝ ሆነብኝ። ክፍሉን ጠራረግሁ፣ የለችም። በማግስቱ አንድ የ4 ዓመት ልጅ ከኪሱ በሶፍት የተጠቀለለ ነገር አወጣ። በጓ ናት። «ለምን ወሰድካት?» አልኩት። «ደጅ ወድቃ አገኘኋት። ብቻዋን ብርድ ይመታታል ብዬ ከእኔ ጋር አሳደርኳት» አለ። ከዚያም ወደ ካርቶኑ ሄዶ ዘጠኙ መካከል ከተታትና «አሥር» አለ።

እናቱ በዚያው ሳምንት ቅሬታ ይዘው የመጡ ሴት ናቸው፤ ልጃቸው የሰፈሩ ልጆች የሚጽፉትን አይጽፍም። ስለ በጓ ስነግራቸው ዝም አሉ። ማታ እራት ላይ ሽምብራ ደርድሮ «አንዷ የት ሄደች?» እያለ አባቱን ሲያስቆጥር እንዳመሸ የነገሩኝ እሳቸው ናቸው።

ስለ ሒሳብ ካነሳን ከቅልልቦሽ የሚበልጥ የቁጥር መጫወቻ እስካሁን አላየሁም። አምስት ጠጠር ብቻ ይበቃል። አንዱን ወደ ላይ ትወረውራለህ፤ እስኪመለስ ድረስ ከመሬት አንድ ታነሳና የተወረወረውን ትቀልባለህ። በመጀመሪያው ዙር አራቱን አንድ አንድ፣ በሁለተኛው ሁለት ሁለት፣ በሦስተኛው ሦስትና አንድ፣ በአራተኛው አራቱን በአንዴ። የ6 ዓመት ልጅ ይህን ሲጫወት አራት ቁጥር በስንት መንገድ እንደሚከፈል በዓይኑም በእጁም ያውቃል። አንደኛ ክፍል ሲገባ ሰሌዳ ላይ 3+1 ሲያይ የድሮ ጓደኛውን ያገኘ ይመስለዋል። ለታናናሾቹ መቅለቡ ስለሚከብድ በጠጠር ፋንታ በጨርቅ የተቋጠረ ምስር እንሰጣቸዋለን፤ እሱ አይሸሽም።

በዓላቱም ይረዱናል። ለሆሳዕና ዘንባባ እየሰነጠቅን ቀለበትና መስቀል እንሠራለን፤ አንዱን ከላይ አንዱን ከታች ማሳለፍ ለትንሽ ጣት ከባድ ትምህርት ነው። ለእንቁጣጣሽ አደይ እየቆጠርን እቅፍ እናስራለን። ከሙስሊም ቤተሰብ የሚመጡ ልጆችም አሉን፤ ወላጆቻቸው ማን እንደሆንን አውቀው ነው የላኳቸው። ልጆቹ በዒድ ማግስት ብስኩት ይዘው ሲመጡ ያ ቀን የእነሱ ቀን ነው፤ ስለ በዓላቸው ይተርኩልናል፣ እንሰማቸዋለን።

ፊደል አታስተምሩም ወይ የሚለኝ ሰው እንዳይሳሳት፤ እናስተምራለን። ልጁ መጀመሪያ የሚያውቀው የገዛ ስሙን ፊደላት ነው፤ ኮቱን የሚሰቅልበት መስቀያ ላይ ተጽፏል። ከዚያ በአሸዋ ላይ በጣት፣ በጭቃ ትል እየጠቀለለ፣ በመጨረሻው ዓመት በእርሳስ። ከእኛ ወጥተው አንደኛ ክፍል የገቡ ልጆች መጀመሪያዎቹ ወራት ላይ ጽሑፋቸው ከሌሎቹ ቀርፋፋ ሆኖ ይታያል። ዓመቱ ሳይጋመስ ይስተካከላሉ። ሲጠይቁ፣ ሲያስረዱ፣ ከጓደኛቸው ጋር ሲሠሩ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይለያሉ፤ የተቀበሏቸው መምህራን ይህን ነግረውኛል።

አገራችንም በወረቀት ደረጃ የሚለው ከዚህ የራቀ አይደለም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ መዋዕለ ሕፃናት በልጁ ሁለንተናዊ ዕድገት ላይ እንዲያተኩር ነበር የደነገገው፤ አንደኛ ሁለተኛ ብሎ ስለ ማውጣት አልተናገረም። ነገሩን ያጠበበው ፉክክሩ ነው። አንዳንድ ትምህርት ቤቶች ለአንደኛ ክፍል መግቢያ ስለሚፈትኑ ወላጅ ይፈራል፤ ወላጅ ስለሚፈራ አፀደ ሕፃናቱ ደብተር ይሞላለታል። መሐል ላይ የሚጨነቀው ልጁ ነው። የ5 ዓመት ልጅ የቤት ሥራ ይዞ እስከ ማታ 3 ሰዓት ሲያዛጋ ማየት ያሳምመኛል፤ ይህ ስህተት ነው፣ መቆምም አለበት።

እናንተ ወላጆች የምትረዱን ብዙ ነገር አለ። ቤት ያለውን ቆርኪ፣ የሳሙና ካርቶን፣ የዘይት ጀሪካን፣ ያረጀ ነጠላ አትጣሉት፤ ለእኛ ላኩልን። አናጺ የምታውቁ ቁርጥራጭ እንጨቱን በብርጭቆ ወረቀት አሽታችሁ አምጡልን። ማታ ልጃችሁን «ዛሬ ምን ጻፍክ?» ከማለት «ከማን ጋር ምን ተጫወትክ?» በሉትና እስኪጨርስ ስሙት። ጠዋት ስትልኩትም፣ እባካችሁ፣ ነጭ ሹራብ አታልብሱት። ቧንቧው ሥር ጭቃው አለ።